አክተሩ አይሞትም

ደብረ ብርሃን ላይ ማታ ብርዱ አጥንት ሲሰብር ሰው ብዙ ምርጫ የለውም። ወይ ብርድ ልብስ ውስጥ ይገባል፣ ወይ አረቄ ይቀምሳል፣ ወይ የውሸት ፊልም ያያል።

የውሸት ፊልም ስል ውሸቱን የማይደብቀውን ማለቴ ነው። ሰውየው ከፎቅ ዘሎ የሚሄድ መኪና ጣሪያ ላይ ያርፋል። ጥይት እንደ በረዶ ይወርድበታል፣ አንዷም አትነካውም፣ እሱ ግን በአንዲት ሽጉጥ፣ ያውም ዞሮ ሳያይ፣ ሰፈሩን ይጨርሳል፤ መሃል ላይ ቀልድ ጣል ያደርጋል። ሃያ ሰው ይከበዋል። ጠላት ተብዬዎቹም ጨዋ ናቸው፣ ተራ ጠብቀው አንድ በአንድ እየመጡ ይደበደባሉ። (እንዲህ ያለ ሰልፍ ታክሲ ተራ አይቼ አላውቅም።)

ጎረቤታችን የመንዝ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እንላቸዋለን። በርኖሳቸውን ደርበው "ይሄማ ቅጥፈት ነው!" ይላሉ። ከወንበራቸው ግን ንቅንቅ የለም። "አንተ ልጅ፣ ከኋላህ!" ብለው መጀመሪያ የሚጮኹትም እሳቸው ናቸው።

ጋሼን የሚያንገበግባቸው ዝላዩ ሳይሆን ቲማቲሙ ነው። መኪና ለመኪና መባረር ባለበት ፊልም ሁሉ አንዲት አትክልት ሻጭ አትጠፋም፤ መደቧ ሳይገለበጥ ፊልሙ አያልቅም። አክተሩ "ይቅርታ እማማ" እንኳ አይልም። "ካሳውን ማን ይከፍላል?" ይላሉ ጋሼ። እውነታቸውን ነው። እኛ ጋ የሰው በግ ብትገጭ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዘመድ ይጠራል፣ ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ይደረባል፣ በጓ ደግሞ ከሞተች በኋላ ትሰባለች፣ ሰንብቶም መንታ አርግዛ ነበር ይባላል። ፊልሙ ላይ ግን ገበያ ሙሉ ፈርሶ ሰውየው እየሳቀ ይሄዳል። እኔን የሚጥመኝ ይሄ ነው፣ ሽማግሌ የማይቀመጥበት ጠብ።

ጃኪ ቻን ለተጠራጣሪ መላ አለው። ፊልሙ ሲያልቅ የተበላሹትን ቀረጻዎች ያሳያል፤ ሲወድቅ፣ ሲላላጥ፣ ሲያነክስ። ሐሳቡን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣ አንድ የመኪና ውድድር ኮሜዲ ላይ ሲሠራ ነው። በኋላ ዩጎዝላቪያ ውስጥ ከግንብ ወደ ዛፍ ሲዘል ቅርንጫፉ ተሰብሮ በጭንቅላቱ ወደቀ፤ የራስ ቅሉ ተሰንጥቆ በቀዶ ሕክምና ተረፈ።

ይሄን ለጋሼ ነገርኳቸው። ከንፈራቸውን መጠጡ፣ ትንሽ አሰቡ።

"ባለዛፉስ ተካሰ?"