ሁለቱም አደጋ ላይ ናቸው፤ አደጋቸው ግን ለየቅል ነው

ዌል ሻርክ በዓለም ካሉ ዓሦች ሁሉ ትልቁ ነው። እስከ 18 ሜትር ይረዝማል። ግን ሰው አይነካም፤ ውኃ እያጣራ ጥቃቅን ፍጥረታትን ነው የሚበላው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ወንዞች ደግሞ ሌላ ግዙፍ ዘመድ አለው፤ ግዙፉ የወንዝ ስቲንግሬይ ይባላል። ጠፍጣፋና ሰፊ ነው፣ ጅራቱ ላይ መርዛማ እሾህ አለው። በፈረንጆቹ 2022 ካምቦዲያ ውስጥ ከሜኮንግ ወንዝ የተያዘችው 300 ኪሎ መዝናለች። እስካሁን ከተመዘገቡ የወንዝ ዓሦች የሚበልጣት የለም።

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ሁለቱንም በአንድ መደብ፣ የመጥፋት አደጋ ካንዣበበባቸው ዝርያዎች ጋር አስቀምጧቸዋል። ይሄ ያሳስበኛል። መደቡ አንድ ሲሆን ችግሩም አንድ ይመስላል።

ሻርኩ ቢያንስ ወዳጅ አለው። ፊሊፒንስ በ1998፣ ሕንድ በ2001 ከለላ ሰጥተውታል። ቱሪስቶች አብረውት ለመዋኘት ይከፍላሉ። ጎረቤታችን ጅቡቲም፣ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ወጣት ዌል ሻርኮች ይሰባሰባሉ፤ ጎብኚም ይከተላቸዋል። እዚህ ላይ እኛም አለንበት። አብዛኛው የወጪና ገቢ ንግዳችን የሚያልፈው በጅቡቲ ነው፤ ዌል ሻርክን ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ደግሞ የመርከብ ግጭት ነው። በዚያ ወቅት መርከቦች ፍጥነት ቢቀንሱ የምንጎዳው ነገር ብዙ አይደለም።

ስቲንግሬዩ ግን መሸሻ የለውም። ኑሮው በወንዝና በወንዝ አፍ የታጠረ ነው። ግድብ ሲሠራ መንገዱ ይቆረጣል። ፋብሪካ ቆሻሻ ሲለቅ ያው ውኃ ውስጥ ነው የሚውለው የሚያድረው። በ2016 ታይላንድ ውስጥ፣ ሜክሎንግ በተባለው ወንዝ በጥቂት ቀናት በርካታ ስቲንግሬዮች ሞተው ተገኝተዋል። ውልጃውም ጥቂት ነው፤ በአንድ ጊዜ ከአራት የማይበልጥ። በ1995 ታይዋን ውስጥ የተያዘች ዌል ሻርክ ማሕፀን ግን 300 ገደማ ጽንስ ተገኝቶበታል።

ስለዚህ ምረጥ ብባል ቀጣዩን ገንዘብና ትኩረት ለስቲንግሬዩ እሰጣለሁ። መንገዱም ታይቷል። የ2022ቷን ግዙፍ የያዘው ዓሣ አጥማጅ የገበያ ዋጋዋን ተከፍሎት፣ እሷም መከታተያ መሣሪያ ተገጥሞላት በሕይወት ወደ ወንዟ ተመልሳለች። ድሃ ዓሣ አጥማጅን ከመቅጣት ይልቅ እንዲህ መካስ ይሻላል። ካምቦዲያም በ2020 በሜኮንግ ዋና ወንዝ ላይ ለ10 ዓመት አዲስ ግድብ አልሠራም ብላለች። ጊዜው ሳያልቅ ውሳኔው ቋሚ ሕግ መሆን አለበት።