ለክቡር የገጽ ማቀናበሪያ ሶፍትዌር «አዲስ እትም»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሳይጋበዙ ስለ መምጣትዎ

ክቡርነትዎ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ እያልሁ፣ የየካቲት ሥራ በተደራረበበት ሰሞን፣ ማንም ሳይጠራዎ በስክሪኔ ማዕዘን ብቅ ብለው «አዲስ እትም ተዘጋጅቶልዎታል» በማለት ስላሳዩኝ ደግነት በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ለአገልጋይ ነውር ቢሆንም፣ ክቡርነትዎ ግን አገልጋይ ሳይሆኑ ባለርስት ስለሆኑ ነቀፌታው አይመለከትዎትም።

ባለርስት ያልሁዎ ያለ ምክንያት አይደለም። ፔጅሜከር የተባለው ሶፍትዌር እ.ኤ.አ. በ1985 ገጽ ማቀናበርን ከትልልቅ ማተሚያ ቤቶች አውጥቶ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጠበት ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት፣ የእኔ ዓይነቱ ባለሙያ ሶፍትዌሩን አንድ ጊዜ ይገዛና እስኪበቃው ድረስ ይሠራበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ግን ከዘርፉ አውራዎች አንዱ አዲሶቹን እትሞች በኪራይ ብቻ እንደሚያቀርብ አስታወቀ፤ እኛም ከዚያ ወዲህ ጭሰኞች ሆንን። ኪራዩ በዶላር ነው፤ የሚከፈለውም የባሕር ዳር ዲዛይነር በቀላሉ በማያገኘው ካርድ ነው። የባሕር ዳሩ የሽምብጥ ሰፈር ቤት አከራይ እንኳ ኪራይ ሲጨምር ሽማግሌ ይላክበታል፤ ወደ ክቡርነትዎ በየትኛው በር ሽማግሌ እንደሚላክ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ስለ አወራረድዎ ብዙ አልናገርም። መብራት ሲሄድ ቆመው፣ ኔትወርክ ሲመለስ ከዜሮ ጀምረው፣ ለደንበኛ ፋይል መላኪያ የገዛሁትን የኢንተርኔት ጥቅል ጨርሰው በሰላም ገብተዋል፤ እንኳን ደህና መጡ።

የመጡ ዕለት ከዘጌ በጠዋቱ ጀልባ የተሻገሩ አንድ መሪጌታ፣ ለየካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል የሚታደለውን መጽሔት ለማረም አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። መጽሔቱ በየዓመቱ ካለፈው ዓመት ፋይል እየተቀዳ የሚዘጋጅ ነው፤ መሠረቱ የተጣለው ደግሞ የግእዝ ፊደል፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የኮምፒዩተር ቁጥር በሚሰጠው በዩኒኮድ የራሱን ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1999 ከማግኘቱ በፊት በተሠሩት ፎንቶች ነው። እነዚያ ፎንቶች፣ ክቡርነትዎ ባያውቁት አይፈረድብዎትም፣ ፊደላችንን በላቲን ፊደላት መቀመጫ ላይ ያስቀመጡ ናቸው፤ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ስለሚሆኑና ዲቃሎቹ፣ አኃዙና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ አንድ ፎንት የነበረው 256 መቀመጫ ስለማይበቃ፣ አንዱን የፊደል መልክ በሁለትና በሦስት ፎንት ከፍለው የያዙም ነበሩ። ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የሚነበበው በፈረንጅ ፊደል ነው። እኔም ፎንቶቹን በአሮጌው እትም የራሱ የፎንት ማኅደር ውስጥ አኑሬያቸው ነበር፤ ክቡርነትዎ ደግሞ ወደ አዲሱ ቤት ሲገቡ ያንን ማኅደር ይዞ መምጣት ክብርዎን የሚቀንስ መስሎ ስለታየዎት ትተውት መጡ።

ፋይሉን ስከፍተው «ፎንቱ አልተገኘም» የሚለው መልእክትዎ በትሕትና ወጣ፤ እሺ ስለው ገጹ በሙሉ ሮዝ ለበሰ። «ኪዳነ ምሕረት» የሚለው ትልቁ ርዕስ የላቲን ፊደላት፣ አንድ የፐርሰንት ምልክትና ያልተዘጋ ቅንፍ ሆኖ ተደረደረ። መሪጌታ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አደረጉት። ከዚያም «ልጄ፣ ይህ የእኛ መልክእ ነው ወይስ ፈረንጆቹ አዲስ ድጓ ደርሰዋል?» ብለው ጠየቁኝ። የሚመልሳቸው ጀልባ ስላለ መልስ እንዳላዘገይባቸው ጭምር አሳሰቡኝ።

ፎንቶቹን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ማኅደር ቀዳሁልዎ። ፊደሉ ተመለሰ፤ መስመሩ ግን አልተመለሰም። ጽሑፍ የሚያሰናዱበትን ስልት አሻሽለዋል መሰል፣ አንዲት ቃል ከመስመር መጨረሻ ወርዳ የሚቀጥለውን መስመር ገፋች፤ እሱም አንቀጹን፣ አንቀጹም ገጹን ገፋ፤ በመጨረሻም 96 ገጽ የነበረው መጽሔት ሦስት ቃላት ብቻ ያሉበት 97ኛ ገጽ አበጀ። ክቡርነትዎ ስክሪን ላይ ስለሚኖሩ አንድ ገጽ አንድ ገጽ ብቻ ይመስልዎታል። በማተሚያ ቤቱ ኦፍሴት ማሽን ላይ ግን ወረቀቱ ታጥፎ በ16 ገጽ ስለሚሰበሰብ 96 ስድስት ሙሉ እጥፍ ሲሆን፣ 97 ማለት ለሦስት ቃላት ሲባል ሌላ ወረቀት፣ ሌላ የማተሚያ ፕሌትና ከደንበኛ ጋር ሌላ ክርክር ማለት ነው። ዕዳ ከሜዳ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ደግሞም አንድ ጊዜ በእርስዎ ያስቀመጥሁትን ፋይል አሮጌው እትም አይከፍተውም፤ እርስዎ የአሮጌውን ይከፍታሉ፣ እሱ የእርስዎን አይከፍትም። የማተሚያ ቤቱ ኮምፒዩተር ያለው በአሮጌው እትም ስለሆነ ፋይሉን አሮጌው እትም ወደሚከፍተው የፋይል ዓይነት፣ ወደ አይዲኤምኤል፣ ለውጬ ስልከው፣ እዚያ ደግሞ መስመሩ በሌላ አቅጣጫ ይፈሳል። ፒዲኤፍ ላክ ይሉኛል፤ እልካለሁ፤ መሪጌታ ከጀልባው ላይ ደውለው አንድ ስም ሲያርሙ ግን ፒዲኤፉን ማን ይነካዋል?

ይዘውልኝ የመጡትን ስጦታ ሳልጠቅስ ባልፍ ውለታ ቢስ እባላለሁ። በጽሑፍ ትእዛዝ ሥዕል የሚሥል ቁልፍ አምጥተዋል፤ የለመድሁትን ሜኑ ከነበረበት አንሥተው እስካሁን ወዳላገኘሁት ስፍራ አዛውረዋል። እኔ ከክቡርነትዎ ስጠብቅ የኖርሁት ግን አራት ነጥብ የመስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን እንዳይወድቅ እንዲያደርጉልኝና አማርኛውን ሁሉ ከዳር እስከ ዳር በቀይ እያሰመሩ ሙሉ ቋንቋውን እንደ ስሕተት መቁጠርዎን እንዲተዉ ነበር። ይህ ጥያቄ ለሚቀጥለው እትም መተላለፉን ከልምድ ስለማውቅ አላስቸግርዎትም።

ስለዚህ የሚቀጥለው መምጫዎ ከየካቲት ክብረ በዓላት፣ ከሰኔና ከሐምሌ የምረቃ መጽሔቶች፣ እንዲሁም ከጥር ሰርግ ውጭ እንዲሆን፣ ሲመጡም የፎንቱን ማኅደር ይዘው እንዲገቡ እየጠየቅሁ፣ ስለሚያደርጉልኝ ትብብር በቅድሚያ አመሰግናለሁ።

ከሰላምታ ጋር፣
አንድ የባሕር ዳር ዲዛይነር

ግልባጭ፦
— ለማተሚያ ቤቱ፣ ለ97ኛው ገጽ ሒሳብ
— ለአሮጌው እትም፣ መጽሔቱን ጨርሶ እንዲያስረክብ