እግራችሁ ሳይታይ ከምርመራ ክፍል አትውጡ

የወሎ ሰዎች ሆይ፣ ስኳር ያለባችሁም ስኳር ያለበት ዘመድ የምትጦሩም፣ ስሙ። በየቀጠሮው ደሴ፣ ወልድያ፣ ኮምቦልቻ ትመላለሳላችሁ። ጣታችሁን ተወግታችሁ፣ ቁጥሩን ሰምታችሁ፣ መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ጫማ ግን አልወለቀም። ለጉዞው ከፍላችሁ፣ ቀኑን ሙሉ ወረፋ ጠብቃችሁ፣ ዋናውን ነገር ትታችሁት ትመለሳላችሁ።

«አያመኝም» ትላላችሁ። ክፋቱ እዚያ ላይ ነው። ከፍ ብሎ የቆየ ስኳር ነርቮችንና ነርቮችን የሚመግቡትን ቀጫጭን የደም ሥሮች ይጎዳል። ቀድመው የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ስለሆኑ ጉዳቱ ከእግር ጣቶች ጫፍ ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣል። አንዳንዱን ሌሊት ያቃጥለዋል፣ ይጠዘጥዘዋል። ከተጎዱት እስከ ግማሽ የሚሆኑት ግን ምንም ላይሰማቸው ይችላል። ጫማ ውስጥ የገባ ጠጠር ቀኑን ሙሉ ሲፍቃቸው ውሎ ቁስሉን የሚያዩት ማታ ነው።

የሚሰማው ደግሞ «ብርድ መታኝ» ብሎ እግሩን ለፍም ይዘረጋል፣ በሙቅ ውሃና ጨው ይዘፈዝፋል። የደሴና የወገልጤና ብርድ የታወቀ ነው፤ የደነዘዘ እግር ግን እየተቃጠለ መሆኑን አይነግራችሁም። እሳት አታሙቁት፤ ካልሲ አልብሱት። የውሃውንም ሙቀት በክርናችሁ ለኩ። ባቲና ከሚሴ ያላችሁም የቀትርን መሬት በባዶ እግር አትርገጡ። ግሸን በባዶ እግር ለመውጣት የተሳላችሁ ካላችሁ፣ ስለቱን ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩበት፤ ጫማ አድርጋችሁ ውጡ።

ምርመራው ቀላል ነው። ዓይነት 2 ስኳር ያለበት ሰው በሽታው ከታወቀበት ቀን ጀምሮ፣ ዓይነት 1 ያለበት ደግሞ ከ5 ዓመት በኋላ፣ በየዓመቱ ሊመረመር ይገባዋል። ባለሙያው በ10 ግራም ግፊት የሚጎብጥ የናይለን ክር መጀመሪያ እጃችሁን አስነክቶ ስሜቱን ያሳያችኋል። ከዚያ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የእግራችሁን አውራ ጣት ሆድና ከጣቶቹ ሥር ያለውን የውስጥ እግር፣ ክሩ እስኪጎብጥ ድረስ አንድ ሁለት ሰከንድ ይነካል። የደደረ ቆዳ ላይ አይሞከርም፤ ጤነኛው ነርቭ እንኳ አይሰማውምና። ከዚህ ሌላ በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገበውን ብረት የእግር አውራ ጣት አጥንት ላይ ያሳርፋል፣ የቁርጭምጭሚትን ምላሽ በመዶሻ ያያል። ባለሙያዎችም ክሩን ሳታሳርፉ ከ10 በላይ ሰው ላይ በተከታታይ አትጠቀሙ፤ ይዝላል፣ ውጤቱም ያሳስታል።

ክር የለም ከተባላችሁ ቤት ውስጥ ጣት ይበቃል። የእናት የአባታችሁን እግር ማታ ስታጥቡ፣ ካደረቃችሁ በኋላ ዓይናቸውን አስጨፍኑ። የቀኝ አውራ ጣትና ትንሿን፣ የግራ አውራ ጣትና ትንሿን፣ በመጨረሻ የሁለቱን እግር መካከለኛ ጣቶች ጫፍ በጠቋሚ ጣታችሁ አንድ ሁለት ሰከንድ ንኩ። አትጫኑ፣ አታሹ፣ አትደግሙ። ከ6ቱ ጣቶች የሁለቱ ወይም ከዚያ በላይ መነካት ካልተሰማቸው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷቸው።

የደነዘዘ ሁሉ የስኳር ነው አትበሉ። የስኳር መድኃኒቱን ሜትፎርሚንን ለዓመታት የወሰደ ሰው ቫይታሚን ቢ12 ሊጎድለው ይችላል። የቲቢው መድኃኒት አይሶናያዚድ፣ የአረቄ ብዛት፣ ሥጋ ደዌም ነርቭ ይጎዳሉ። የምትወስዱትንና የምትጠጡትን ለሐኪሙ አትደብቁት።

ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ ዓይናችሁን የሚያጨልምባችሁም ተናገሩ፤ ደም ግፊታችሁ ተኝታችሁ ከዚያም ቆማችሁ ይለካ። ከቆማችሁ በኋላ የላይኛው ቁጥር በ3 ደቂቃ ውስጥ በ20 ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ፣ ግፊትን የሚያስተካክለው ነርቭ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

የሞተ ነርቭ መልሶ አይተከልም፤ ስኳርን መቆጣጠር ግን ጉዳቱን ያዘገየዋል። እግሩ የደነዘዘ ሰው በየ6 እስከ 12 ወር፣ የእግር ቅርጽ ከተበላሸ ወይም ደም ዝውውሩ ከቀነሰ በየ3 እስከ 6 ወር፣ ቁስል ወጥቶበት ያውቅ ከሆነ በየ1 እስከ 3 ወር ይታያል። ውዱእ አድርጋችሁ ስትጨርሱ በጣቶቻችሁ መካከል ያለውን ውሃ አድርቁ። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን አስገብታችሁ ፈትሹ። እግራችሁ አብጦ፣ ቀልቶ፣ ከሌላው ይልቅ ግሎ ሳለ የማያማችሁ ከሆነ አጥንቱ እየፈረሰ ሊሆን ይችላል፤ አትርገጡበት፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ።