ስግድ ብቻውን ዜማ አያስተምርም

በላትቪያ የተወለደው አብርሃም ጽቪ ኢደልሶን በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ኢየሩሳሌም ገብቶ የየመን፣ የባግዳድ፣ የፋርስ፣ የቡኻራና የሞሮኮ አይሁዶችን ዜማ በፎኖግራፍ ቀዳ። ሥራው ከ1914 እስከ 1932 በአሥር ቅጽ ታትሞ ወጣ (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ስለ አይሁድ ሙዚቃ የሚጽፍ ሰው ዛሬም እነዚያን ቅጾች ሳያገላብጥ አይጀምርም። ለቤተ እስራኤል፣ ለኢትዮጵያ አይሁዶች፣ የተሰጠ ቅጽ ግን ከአሥሩ አንድም የለም። ሰውየው አይወቀስም፤ ዜማውን የያዙት ቄሶች ያሉት ጎንደር ነበር። በ1984 እና 85 በዘመቻ ሙሴ፣ በኋላም በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ቄሶቹ ራሳቸው እስራኤል ሲገቡ ግን አንድ ጥያቄ አብሯቸው ገባ፤ እስካሁንም አልለቀቃቸውም። «ይሄ የቤተ ክርስቲያን ዜማ አይደለም እንዴ?»

መመሳሰሉን መካድ አይጠቅምም። ቋንቋው ግዕዝ ነው፤ ቅኝቱ ባለ አምስት ድምፅ ነው፤ ደብተራ የሚለው ማዕረግ እንኳ በሁለቱም ቤት አለ። ከ1973 ጀምሮ ጎንደር ውስጥ ወዳለችው የቤተ እስራኤል መንደር አምቦበር ድረስ ሄዳ ጸሎቱን የቀዳችው የሙዚቃ ተመራማሪ ኬይ ካውፍማን ሸለመይ በ1986 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎት ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ገዳማዊ ትውፊት ጋር ሥር እንደሚጋራ አሳይታለች። ማኅበረሰቡ ራሱም ቢሆን ምንኩስናንና ብዙ ጸሎቶችን ያቆሙልን አባ ሰብራ ናቸው ይላል፤ እኒህ መነኩሴ በ15ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ናቸው።

ልዩነቱም ግን የሚናቅ አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ ተብሎ ተከፍሏል፤ ከሊቃውንቱ ከአዛዥ ጌራና ከአዛዥ ራጉኤል ዘመን ወዲህም ከፊደሉ በላይ የሚጻፍ ምልክት አለው። የቤተ እስራኤል ቄስ ምልክት የለውም፤ ዜማው የሚተላለፈው ከአፍ ወደ ጆሮ ብቻ ነው። ከግዕዙ መሃል የአገውኛ ሐረጎች ይገባሉ። ከጸሎቱ ጋር የሚመቱት ነጋሪትና ቃጭል ናቸው። ሌላው ዓለም ያሉት አይሁዶች የሚከተሉት የረቢዎቹ (የሃይማኖት መምህራኑ) ሥርዓት ቤተ መቅደሱ በ70 ዓ.ም. ከፈረሰ ወዲህ በሐዘን ምክንያት የሙዚቃ መሣሪያን ከምኩራብ ጸሎት ያራቀ ነውና፣ ይህ ራሱ ቤተ እስራኤል በሌላ መንገድ እንደመጡ ይናገራል። መክፈቻውም ለብቻው ነው። የክርስቲያኑ መጽሐፍ «በስመ አብ ወወልድ» ብሎ በሚጀምርበት ቦታ የቤተ እስራኤሉ «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ እስራኤል» ይላል።

ደግሞስ ከጎረቤቱ ያልወሰደ የአይሁድ ዜማ የት አለ? የሶርያዋ ከተማ የሐለብ አይሁዶች ለየሰንበቱ የኦሪት ንባብ የሚስማማ የዓረብ መቃም (የዜማ ስልት) ይመርጣሉ፤ የግርዘት ነገር ሲነበብ ሳባ የተባለውን መቃም ይይዛሉ። በቪየና ዛሎሞን ዙልጸር የተባለው የምኩራብ ዘማሪ የዘመኑን የኅብር ዝማሬ ምኩራብ ውስጥ አስገብቷል፤ ፍራንዝ ሹበርትም በ1828 መዝሙር 92ን በዕብራይስጥ ቃሉ ዜማ ሠርቶለታል። ሹበርት ክርስቲያን ነበር። ሆኖም ያ መዝሙር አይሁዳዊ አይደለም የሚል ሰው አላጋጠመንም። ለቪየናው ያልቀረበ ጥያቄ ለአምቦበሩ ብቻ ለምን እንደሚቀርብ ጠያቂዎቹ ያስረዱን።

የእኔ ሥጋት ግን ሌላ ነው። በዚህ ሙግት ላይ የሚጠፋው ጉልበት ዜማውን ለሚያጠናው ልጅ አንዲት ሐረግ አትጨምርለትም።

አንድ ጸሎት እንዴት እንደሚባል በቅርብ እንየው። መሪው ሐረጉን ያነሣል። እስኪጨርስ የሚጠብቀው ግን የለም፤ የመጨረሻዋ ቃል ገና ከአፉ ሳትወጣ ተቀባዮቹ ነጥቀው ይገባሉ። እነሱ ሳያሳርፉ ደግሞ እሱ ቀጣዩን ያነሣል። ተቀባዮቹም ቢሆኑ እንደ ወታደር በአንድ እግር አይረግጡም። የሚሉት አንድ ዜማ ነው፤ ዳሩ ግን አንዱ ትንሽ ይቀድማል፣ አንዱ ያርገበግበዋል፣ አንዱ ደግሞ ሳያስጌጥ ቀጥ አድርጎ ይለዋል። ያልለመደው ጆሮ «አልተስማሙም» ይላል። የመዘምራን አሠልጣኝ አግኝቶ ሁሉንም እኩል ቢያስጀምርና እኩል ቢያስጨርስ፣ ቃሉ ይተርፋል፣ ዜማው ግን እዚያው ላይ ያበቃል።

ይህን በአንድ ማይክሮፎን መቅዳት የተለመደ ስሕተት ነው። ማይክሮፎኑ መሪው ፊት ይቆማል፤ ቅጂው ሲደመጥ የአንድ ሰው ድምፅና ከኋላው ጉርምርምታ ይሆናል። ተማሪው ከዚህ የሚማረው የመሪውን ድርሻ ብቻ ነው። የት ላይ ነጥቆ እንደሚገባ፣ ማለትም የሙያው ዋናውን ክፍል፣ አይሰማውም። ቢያንስ አንድ ማይክሮፎን ለመሪው፣ አንድ ለተቀባዮቹ ተሰጥቶ ለየብቻ መቀዳት አለበት፤ ኋላ አንዱን ዝቅ፣ ሌላውን ከፍ እያደረጉ ለማጥናት ያመቻል። ቅጂውንም ለስልክ እንዲመች ብሎ አራት ደቂቃ ላይ መቁረጥ አይገባም፤ መሪነቱ ከአንዱ ቄስ ወደ ሌላው የሚያልፍበት ቦታ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው እሱ ነው።

ሌላው ጣጣ ጽሑፉ ነው። ፊደል ለማያውቅ ልጅ ግዕዙን በዕብራይስጥ ፊደል መጻፍ ደግ ሐሳብ ይመስላል። «ይትባረክ»ን ግን ጽፋችሁ አስነብቡት። የዘመኑ ዕብራይስጥ አነጋገር አምስት አናባቢ ነው ያለው፤ ግዕዝና ራብዕን፣ ረንና ራን፣ አይለይም። ስለዚህ ልጁ «ይትባራክ» ብሎ ያነባል። «ቅዱስ»ም «ክዱስ» ይሆንበታል፤ ዕብራይስጡ ለቀ የሚሆን ፊደል ቢኖረውም የዛሬ ተናጋሪ እንደ ከ ነው የሚጠራው። የተዛባው አናባቢ ዜማው የሚሳብበት ቦታ ላይ ሲወድቅ ስሕተቱ ረዝሞ ይሰማል። ፊደል ማስቆጠር በደንብ ቢሠራበት ከሁለት ወር በላይ አይፈጅም፤ አቋራጩ ግን ዕድሜ ልክ የሚታረም ንባብ ያተርፋል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን የቀን መቁጠሪያው ላይ ደርሷል። በጎንደር ወር በገባ ቁጥር የጨረቃ በዓል ነበር፤ ከዚያ 10ኛው፣ 12ኛውና 15ኛው ቀን በየወሩ ይታሰቡ ነበር። ሰንበት በየሳምንቱ ነው። በዓመት አንዴ የሚመጡት ብርሃን ሠረቀ (አዲስ ዓመት)፣ አስተስርዮ (የስርየት ቀን) እና ፋሲካ ከዚህ በላይ የተደረቡ ናቸው። ተማሪው ትምህርት ቤት ሳይኖረው የተማረው በዚህ ነው፤ የወር መባቻውን ጸሎት በዓመት 12 ጊዜ፣ በአምስት ዓመት 60 ጊዜ ይሰማዋል። በእስራኤል የረቢዎቹ የጸሎት መጽሐፍ ሰንበቱንም በዓሉንም ሲወስድ፣ ቄሶቹም ጋብቻ የማስፈጸም ሥልጣናቸውን ሲነፈጉ፣ ዜማው የሚባልበት ቀን አጣ። በ1985 ኢየሩሳሌም በሚገኘው የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ለሳምንታት የተቀመጠው ሕዝብ ስለ ዜማ አልነበረም የጮኸው፣ አይሁድነቱ እንዲታወቅለት ነበር እንጂ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ ዜማውም እንደነበረበት ግን አሁን ይታያል።

የቀረው ስግድ ነው። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 በሕግ ያጸናው ይህ በዓል ከአስተስርዮ በኋላ በ50ኛው ቀን ይውላል፤ ቄሶቹ ባለ ጥለት ጃንጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱን ይዘው ከፍታ ላይ ይወጣሉ፣ ሕዝቡ እስከ ከሰዓት ይጾማል። ያምራል። በዓመት አንድ ቀን ሰምቶ ግን ዜማ የያዘ ሰው የለም። በመድረክ ያለውም አይተካውም። የኢዳን ራይኸል ፕሮጀክት የተባለው የሙዚቃ ቡድን አማርኛን በእስራኤል ሬዲዮ አሰምቷል፤ የዘፋኟ የአስቴር ራዳና የሳክስፎኑ ተጫዋች የአባተ በሪሁን ሥራም የሚወደድ ነው። እነሱ የዘመኑን ሙዚቃ ይሠራሉ፤ የቄሱን ዜማ አስተምሩልን ማለት ያልተቀበሉትን ሸክም መጫን ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የጨረቃ በዓል ይመለስ። የረቢዎቹም ሥርዓት የወር መባቻን ስለሚያከብር ከምኩራቡ ጋር አያጋጭም፣ የሥራ ቀንም አያስፈታም። ማታ፣ ሁለት ሰዓት ያህል፣ ቤተ እስራኤል በሚበዙበት በየከተማው፤ ሦስት ቄሶች፣ ነጋሪት፣ ቃጭል፣ በፊደል የተጻፈው ጸሎት በወረቀት። ልጆቹ ከተቀባዮቹ መሃል ይቀመጡ፣ መጀመሪያ የሐረጉን መጨረሻ ብቻ ይንጠቁ፤ መሪነት የሚመጣው ኋላ ነው።