ውክልና ሰጥተን ስሙን የረሳነው ሰው

ባለፈው ወር የሰፈራችን እድር ዓመታዊ ስብሰባ ነበረው። ገንዘብ ያዡ የሂሳብ ሪፖርት ሳይዝ መጣ። ደረሰኞቹ ገና አልተሰበሰቡም አለ። ቤቱ ተነሣበት። አንዲት እናት፣ "ልጄ፣ የመረጥንህ እንድታሳየን ነው" አሉት። ሁለት ሰዎች ሂሳቡን እንዲያዩ ተመረጡ። ለእሱም ሁለት ሳምንት ተሰጠው። በቃ።

ከስብሰባው ወጥተን እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ጀበና ቡና ይዘን ተቀመጥን። ስድስት ነበርን። አንዱ ጓደኛችን፣ "በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የእኛ ተወካይ ማነው?" ብሎ ጠየቀ። ዝም አልን። ከስድስታችን አራታችን ሰኔ 14 ቀን 2013 ተሰልፈን መርጠናል። ስሙን ግን አንዳችንም አላወቅንም። ያ ዝምታ እስካሁን ይከነክነኛል።

ውክልና ምን እንደሆነ እኮ እናውቃለን። ቤት እንዲሸጥልን ለወንድማችን ውክልና ስንሰጥ ምን ማድረግ እንደሚችል ይጻፋል። በየጊዜው እየደወልን "ምን ደረሰ?" እንላለን። ካላመንነው ውክልናውን እንሽራለን። በምርጫ የምንሰጠውም ውክልና ነው፤ ያውም ከቤት የሚበልጥ። ግብራችን፣ የልጆቻችን ትምህርት፣ የቡናችን ገበያ የሚመራበት ሕግ ሁሉ በዚያ ሰው እጅ ያልፋል።

ሕገ መንግሥቱ ይህን ያውቃል። አንቀጽ 12 ሕዝብ በመረጠው ተወካይ ላይ እምነት ካጣ ከቦታው ሊያነሳው እንደሚችል ይደነግጋል። ግን ማንነቱን የማናውቀውን ሰው ምን ብለን እናነሳዋለን?

"እኔ እሱን አልመረጥኩም፣ አያገባኝም" የሚል ወዳጅ አለኝ። ተሳስቷል። በእኛ የምርጫ ሥርዓት የሚያሸንፈው ከተፎካካሪዎቹ ይበልጥ ድምፅ ያገኘው ነው። ከ100 መራጭ አንዱ 40፣ ሌላው 35፣ ሦስተኛው 25 ቢያገኙ 40 ያገኘው ይገባል። 60ው ሌላ ሰው ነው የመረጠው። ቢሆንም አንቀጽ 54 የምክር ቤቱ አባላት የመላው ሕዝብ ተወካዮች ናቸው ይላል። ስለዚህ ያልመረጠውም ሰው የመጠየቅ መብቱ እኩል ነው። እንዲያውም እሱ ነው አጥብቆ መጠየቅ ያለበት።

በእርግጥ ለመምረጥ አማራጭ ያስፈልጋል። በ2007 ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወንበር ያዙ። ሁሉም በአንድ ወገን የተቀመጠበት ምክር ቤት ውስጥ "ደረሰኙ የታለ?" የሚል ሰው ከየት ይመጣል? ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ በእኛ በስድስታችን አቅም የሚፈታም አይደለም። የተወካይን ስም ማወቅ ግን በእጃችን ነው።

ጅማ ሆኖ ስለ ሥልጣን ዘመን ለማሰብ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ጅሬን ኮረብታ ላይ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ። ንጉሡ ከ50 ዓመት በላይ ገዙ፤ የመረጣቸው ሕዝብ አልነበረም። በገዳ ሥርዓት ደግሞ ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ተረኛ ሲደርስ ማስረከብ ግድ ነው። እኔን የሚማርከኝ ይህ ነው። ሹሙ ቀኑ እንደሚመጣ እያወቀ ይሠራል። የእኛ ምክር ቤት ዘመን አምስት ዓመት ነው። ቀኑ ግን የሚያስፈራው በመካከሉ የሚከታተለው ሰው ካለ ነው።

ምክር ቤቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የሚከፈተው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ነው። በመካከልም የአንድ ወር ዕረፍት አለው። ያ ሁሉ ጊዜ ተወካዩ ወደ መራጩ ለመምጣት ይበቃዋል። የጅማ ክረምት ዝናቡ ከባድ ነው፣ እሺ። አዳራሽ ግን አለን። መጥቶ "ለዚህ ሕግ እጄን ያወጣሁት በዚህ ምክንያት ነው" ይበለን። እኛም የመንገዱን፣ የውኃውን፣ የሥራ አጥ ልጆቻችንን ጉዳይ እንንገረው።

የዚያን ዕለት ቡናው ሳይበርድ ተስማማን። ስሙን እናጣራለን፣ ከዚያ ሁላችንም ፈርመን ደብዳቤ እንልክለታለን። መጻፉ ለእኔ ደርሶኛል። የመጀመሪያውን መስመር ትናንት ማታ ጽፌዋለሁ፦ "የተከበሩ ተወካያችን፣ መቼ እንገናኝ?"