ማስተካከያ፦ ኦሊምፒክ ዳም ብረት አያመርትም

ባለፈው ሳምንት ስለ ደቡብ አውስትራሊያው ኦሊምፒክ ዳም የማዕድን ማውጫ ስጽፍ «ብረት፣ መዳብና ወርቅ የሚያመርት ክፍት ጉድጓድ» ብዬ ነበር። ብረቱም ክፍት ጉድጓዱም ስህተት ነው።

ቁፋሮው ከመሬት በታች ነው። ክምችቱ ከ300 ሜትር በላይ ውፍረት ባለው ድንጋይ ስለተሸፈነ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 የተገኘው በጥልቅ ቁፋሮ ነው። የሚመረተው መዳብ፣ ዩራኒየም፣ ወርቅና ብር ነው። (ስሙ ደግሞ ከብት ውሃ ይጠጣበት ከነበረ ኩሬ የመጣ ነው።)

«ብረት ኦክሳይድ፣ መዳብና ወርቅ» የሚባለው የክምችቱ ዓይነት ነው እንጂ የምርት ዝርዝር አይደለም። ብረቱ በእርግጥ ሞልቷል። ሄማታይት የሚባል፣ ብረት ከኦክስጅን ጋር የተዋሃደበት ማዕድን (ብረት ኦክሳይድ) ነው፤ ግራጫ መስሎ ሸክላ ላይ ሲጭሩት እንደ በርበሬ የቀላ መስመር ይተዋል። መዳቡ ከተለየ በኋላ ግን አብዛኛው ከዝቃጩ ጋር ይቀራል።

ማስተካከያው የተወሰደው ከባለቤቱ ከማዕድን ኩባንያው ቢኤችፒ ሪፖርቶችና ከክልሉ መንግሥት የጂኦሎጂ ሰነዶች ነው። የማዕድን ማውጫውን ገቢ ከብረት ዋጋ ጋር ያያያዝኩበትን አንቀጽ ሰርዤዋለሁ። ጽሑፉን ያጋራችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አያይዙልኝ።