«በራ» እና «መራ» ከንፈር ላይ አንድ ናቸው

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ጎንደር መስማት የተሳናቸው ልጆች ወላጆች ተሰብስበን ነበር። አንድ የትምህርት ኃላፊ «ምልክት ካስለመድናቸው ለመናገር ይሰንፋሉ» አሉ። ከእንግዲህ መምህሩ እየተናገረ ያስተምራል፣ እጁም አማርኛውን ቃል በቃል ይከተላል ተባለ። ብዙዎቹ አጨበጨቡ። የእኔ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም።

ይሰንፋሉ? ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ ያላወጣ ልጅ ሰነፍ ነው? እስኪ መስታወት ፊት ቁሙና ድምፅ ሳታሰሙ «በራ» በሉ፤ ቀጥሎ «መራ»። ከንፈራችሁ አንድ ነው። «ቀና» እና «ገና»ን ሞክሩ፤ ልዩነቱ ወደ ጉሮሮ ስለሆነ አይታይም። ልጁ ሂሳብና ሳይንስ ከንፈር እያየ፣ እየገመተ ይማር?

ቃል በቃል የሚለው ይብሳል። አማርኛ «አልሰጠችኝም» ሲል ሰጪዋን፣ ተቀባዩንና እምቢታውን በአንድ ቃል ጠቅልሎ ነው። መምህሩ ይህን በእጁ እንዴት ሊቆራርጠው ነው? ለ«አል» ምን ሊያሳይ ነው? ለ«ም»ስ? መጨረሻ ላይ እጁ ላይ የምትቀረው «መስጠት» ብቻ ናት። ማን እንደከለከለ፣ ማን እንደተከለከለ ልጁ አያውቅም። በምልክት ቋንቋ ግን እጅ ከእሷ ወደ እኔ ይመጣል፣ ራስ ይወዘወዛል፣ ፊትም አብሮ ይናገራል። ይሄ ራሱን የቻለ ሰዋስው ነው። አፍ በአማርኛ እያወራ እጅ ይህን ሊሠራ ሲሞክር የሚበላሸው ሁልጊዜ እጁ ነው። መምህሩ የራሱን ድምፅ ስለሚሰማ ሁሉንም የተናገረ ይመስለዋል። ልጁ ጋ የደረሰው ፍርፋሪ ነው።

ነገሩ አዲስም አይደለም። በ1880 እ.ኤ.አ. ጣሊያን፣ ሚላን ላይ የተሰበሰቡ መስማት የተሳናቸው ልጆች መምህራን ምልክትን ከክፍል አስወጡ። ያ ውሳኔ ካናዳ፣ ቫንኩቨር በተደረገ ተመሳሳይ ጉባኤ ላይ በይፋ እስኪወገዝ 130 ዓመት ፈጀ። እኛ ዛሬ ከሚላን ልንጀምር ነው?

የንግግር ልምምድ ለሚጠቅመው ልጅ ይሰጠው፤ የትምህርት ሰዓቱን ግን አይብላበት። አማርኛ ማንበብና መጻፍም ይማሩ፤ ማን ጠላ? ቃል በጣት የምንጽፍበት የጣት ፊደላችን እኮ የራሳችን ፊደል ነው፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን ቤት በእጅ እንቅስቃሴ ይለያል። አማርኛው በምልክት ቋንቋ በኩል ይግባላቸው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ በዲግሪ ያስመርቃል። ምሩቃኑን ቅጠሩ። መስማት የተሳናቸው ልጆች በሚማሩበት በየልዩ ክፍሉ መስማት የተሳነው አንድ አዋቂ ይኑር፤ ልጆቹ ቋንቋውን ከባለቤቱ ይልመዱት።

በስብሰባው ላይ አንዲት እናት እጇን አውጥታ «እኔስ ቤት ውስጥ በምን ላናግረው?» ብላ ጠየቀች። ሰዓት አልቋል ተባለች። ለእሷና ለመሰሎቿ ቅዳሜ ከሰዓት የምልክት ቋንቋ ክፍል ይከፈት። ክፍሉ አለ፤ ቅዳሜ ባዶውን ነው የሚውለው።